ሁለተኛው ጉድጓድ

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ። እናቴ «አንቺ ልጅ ስትወለጂ እንኳ ያለቀስሽው በንዴት ነው» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ይህን የማወራችሁን ስታነቡ ድምፄ ከፍ ከፍ ቢልባችሁ አትፍረዱብኝ። ያን ቀን ያላናደደኝ ፍጡር አልነበረም፤ ሊቀመንበሩ፣ ጎረቤቱ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ምሁር፣ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ሳይቀር።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። እኔ ያኔ ገና ወጣት ነርስ ነበርኩ። አዲስ አበባ የአእምሮ ሕሙማን እንክብካቤ ተምሬ ስጨርስ፣ ምን አስበው እንደሆነ እንጃ፣ ሸዋ ሮቢት መደቡኝ። እዚያ ደግሞ ሁሉም ነገር ወባ ነው። ራሱን ያመመው ወባ ነው፣ ሆዱን የቆረጠው ወባ ነው፣ ከሚስቱ የተጣላው ሳይቀር ወባ ነው። «ሲስተር፣ መርፌ ውጊኝ» ነው እንጂ «ሲስተር፣ ልቤን ከብዶኛል፣ አዳምጪኝ» ብሎ የሚመጣ በሽተኛ የለም። እኔም ውዬ አድሬ መርፌ ወጊ ሆኜ ቀረሁ።

በዚህ መሀል ነው የጋሼ ጌታነህ ነገር የመጣው።

ጋሼ ጌታነህ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ጀውሃ በሚወስደው መንገድ በኩል ባለ መንደር ማሽላና ማሾ የሚያርሱ የተከበሩ ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት ማሳቸውን ሲመነጥሩ፣ ደመና በሌለበት ሰማይ አንድ ነገር እንደ መድፍ ጮኸና ከፊታቸው ጥቂት ራቅ ብሎ መሬቱን ደበደበው። አፈሩ ፊታቸው ላይ ተረጨ። አቧራው ሲበተን መሬቱ ውስጥ የተቀረቀረ ጥቁር ድንጋይ አዩ። ጩኸቱን መንደሩ ሁሉ ስለሰማ ወዲያው «ደረቅ መብረቅ ወረደ» ተባለ። እሳቸውን ጭረት እንኳ አልነካቸውም።

ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጡ። ገላጣ ሜዳ ላይ አልወጣም አሉ። ቀን ከደጃቸው ካለው ትልቅ የሮቃ ዛፍ ሥር ግንዱን ተደግፈው ይውላሉ፣ ሲመሽ ቤት ገብተው ቆጥ ሥር ይወሸቃሉ። ዓይናቸው ግን አይከደንም። ሰው ሲያናግራቸው መልስ የሚሰጡት ወደ ላይ እያዩ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሄጄ አየኋቸው። ያለችኝን የእንቅልፍ ኪኒን ሰጠኋቸው፤ ጥቂት ያንጎላጁና እየጮኹ ይነቃሉ። «ጋሼ፣ ምን ታይቶዎት ነው?» ብላቸው ዝም። «ድንጋዩ ነው ያስፈራዎት?» ብላቸው ወደ ላይ ያያሉ። ሰውነታቸው አለቀ፤ ጉንጫቸው ጎደጎደ። ሚስታቸው እትዬ አስካለ ደግሞ በጠየቅኳት ቁጥር «መብረቁ ነዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል» ብላ ፊቷን ታዞርብኛለች።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወንድይፍራው ይባላል። ለእትዬ አስካለ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ከበላይ ለሚመጣ ትእዛዝ ሲል የገዛ ጥላውን የሚያስር ዓይነት ሰው ነው። ጤና ጣቢያው ድረስ መጣና ቁርጡን ነገረኝ።

«ሲስተር፣ ዝናቡ ጥሏል። መሬት ጦም ማደር የለበትም፤ መመሪያ ነው። ወይ ጤነኛ ነው በይና ይረስ፣ ወይ ለይቶለታል በይና ነገ በኅብረት ሥራው መኪና አዲስ አበባ እብዶች ሆስፒታል እንጫነው።»

«መሬታቸውስ?»

«ለሚያርስ ይሰጣላ።»

«ድነው ሲመለሱስ?»

«ከዚያ ተመልሶ የመጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ደሜ ፈላ። እዚያ ሆስፒታል ያለውን መጨናነቅ አውቀዋለሁ። እንቅልፍ ያጣ ገበሬ በሰንሰለት ታስሮ ገብቶ ምን ሆኖ እንደሚወጣም አውቃለሁ። ግን በእጄ ምን አለ? መድኃኒት አልቋል። ለበላይ አካል «የእንቅልፍ መድኃኒት በአስቸኳይ» ብዬ ጽፌ ስጠብቅ፣ ወንድይፍራው በበኩሉ «ከሰማይ ያልታወቀ ነገር ወድቋል፣ የጠላት መሣሪያ ሊሆን ይችላል» ብሎ ሪፖርት አድርጎ ነበር። የኔ ጥያቄ የት እንደገባ እግዜር ይወቀው። የሱ ግን መልስ አገኘ፤ ያንኑ ዕለት ጠዋት ከአውቶቡስ አንድ ሰው ወረደ።

መድኃኒት ላኩልኝ ብል የድንጋይ ሊቅ ላኩልኝ!

ዮናስ ይባላል፤ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። በዚያ ቃጠሎ የሱፍ ኮት ለብሷል። «የሰማይ አካላት አጥኚ ነዎት?» አልኩት። «አይደለሁም። የኔ ሙያ ብረታ ብረት ነው፤ ውስጣዊ አሠራሩን ነው የማጠናው። የሰማዩን የሚያጠና ሰው ስላልተገኘ እኔን ላኩኝ» አለኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው። ወንድይፍራው «መንገዱን አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ውሰጂው፤ እኔ ከሰዓት መጥቼ ውሳኔሽን እሰማለሁ» ብሎ ለኔ ጫነብኝ።

በጋሪ የሚኬደውን በጋሪ ሄድን፣ የቀረውን በእግር። ሰውዬው ሲራመድ እንኳ አፉ አያርፍም። ድምፁ ደግሞ ከፍ አይል፣ ዝቅ አይል፤ ሁሉንም ነገር በአንድ ዜማ ነው የሚያወራው። ስለ ብረት፣ ስለ ኒኬል፣ ብረት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ስለሚሠራው ጥልፍ። እኔ የማስበው ነገ ጠዋት ስለሚጫኑት ሰው ነው። «ይቅርታ መምህር፣ እዚያ ቤት በጠና የታመመ ሰው አለ» አልኩት። «እህ» አለና ወደ ኒኬሉ ተመለሰ።

ማሳው ጋ ከመድረሳችን በፊት ሽታው ደረሰብን። የከረመ፣ የኮመጠጠ፣ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ። ዝንቡ ደመና ሠርቷል። ከሮቃው ዛፍ ፊት ለፊት ባለው ማሳ ላይ ድንጋዩ ከጉድጓዱ ግማሹን ብቅ አድርጎ ተቀምጧል፤ ዙሪያው ነጭ አሬራ መስሎ ረግቷል። መምህሩ ቆሞ ቀረ።

«ምንድነው ይኼ?»

ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ነበርና አንድ ሽማግሌ ኮራ ብለው መለሱ። «ወተት ነዋ! የመብረቅ እሳት በውኃ አይጠፋም። መንደሩ በሙሉ በየተራ እያመጣ ሲያፈስበት ነው የከረመው። ጥጆቹ እንኳ ጦማቸውን አድረዋል።»

«ወተት?» አለ መምህሩ። የኮቱን ቁልፍ ፈታ፣ መልሶ ቆለፈው። «ከሰማይ የወረደ ድንጋይ ላይ ወተት አፈሰሳችሁ? እንዲህ ዓይነት ናሙና በዕድሜ አንድ ጊዜ ነው የሚገኘው! ይዝጋል እኮ! ያቆሽሸዋል እኮ!»

«ታዲያ በምን ይብረድ?» አሉ ሽማግሌው ተቆጥተው።

«ሲወድቅም ትኩስ አልነበረም!»

«አዪዪ! ከሰማይ ወድቆ ትኩስ ያልሆነ!» ሰዉ ሳቀበት። መምህሩ በንዴት ቀላ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ ደስ ያለኝ ያቺን ደቂቃ ብቻ ነው።

ጋሼ ጌታነህ ከዛፉ ሥር ሆነው ያዩናል። ሰላም ብያቸው አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እግራቸው በገመድ ከግንዱ ጋር ታስሯል፤ ለነገው ጉዞ መሆኑ ነው። «ማነው ያሰራቸው?» ብዬ ጮህኩ። ገመዱን መፍታት ጀመርኩ፤ እትዬ አስካለ «እትዬ ሲስተር፣ ይተዉት፣ የማኅበሩ ሰዎች ይጣሉናል» ትላለች። «ይጣሉኝ!» አልኳት።

መምህሩ በበኩሉ ኮቱን አውልቆ ተንበረከከ። ከቦርሳው ማግኔት አውጥቶ ድንጋዩ ላይ ሲያስጠጋው ጥርቅ ብሎ ተጣበቀ። «ብረት ነው! ንጹሕ ብረት!» ብሎ ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ዙሪያውን መለካት ጀመረ። አፈሩ የተረጨበትን መስመር በጣቱ ይከተላል፣ ይጽፋል፣ ለራሱ ያጉረመርማል። ድንገት ቀና አለ።

«ይኼኛውን ድንጋዩ አልሠራውም» አለ።

«የቱን?» አሉት ሽማግሌው።

«ይኼን።» ከድንጋዩ አጠገብ አፈሩ የላላ፣ ተቆፍሮ የተደፈነ ቦታ ነበር። ዝናብ ጥሎ እንኳ ሣር ያልያዘ፣ ክብ ቦታ። እኔ ሁለት ሦስት ጊዜ በላዩ ተራምጄ አልፌዋለሁ። «ድንጋዩ የመጣው ከዚህ በኩል አጋድሎ ነው። የሠራው ጉድጓድ ጥልቀት የለውም። ይኼ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ታች የወረደ ነው፤ በዶማ የተቆፈረ። ሁለት ድንጋይ ነው የወደቀው? አንዱን አውጥታችሁ ወስዳችኋል? ንገሩኝ፣ ለጥናቱ አስፈላጊ ነው።»

ያ ሁሉ ሲሳሳቅ የነበረ ሰው አሁን አንዱ አንዱን ያያል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ዓይን እትዬ አስካለ ላይ አረፈ።

«እሱ...» አለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «እሱ የጌታነህ ነው።»

«ምን ማለት ነው የጌታነህ?» አልኳት። ገመዱ እጄ ላይ ቀረ።

«መብረቅ የነካው ሰው እስከ አንገቱ አፈር ውስጥ ይቀበራል፤ አፈሩ መርዙን እንዲመጥለት። ሁሌም የሚደረግ ነው እትዬ ሲስተር። እርስዎ እንዳይቆጡን ብለን ነው ያልነገርንዎት።»

«እዚህ? ድንጋዩ የወደቀበት ቦታ ላይ?»

«መርዙ ያለው እዚያ ነዋ።»

«ስንት ሰዓት?»

«ጠዋት አስገባነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አወጣነው።»

ያን ጊዜ እኔ የሆንኩትን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። እስቲ አስቡት፤ ሰማዩ ድንጋይ የጣለባቸው ሰው፣ እጅ እግራቸው አፈር ውስጥ ተይዞ፣ አንገታቸው ብቻ ቀርቶ፣ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ሰማይ ሲያዩ ዋሉ! ሮጠው እንኳ እንዳያመልጡ! ከዚያ በኋላ ደግሞ እንቅልፍ ለምን እምቢ አላቸው ተብሎ ይጠየቃል! «እናንተ ሰዎች!» ብዬ ጮህኩ። ምን ምን እንዳልኩ አሁን አልደግመውም። ሽማግሌውን ሳይቀር ሰደብኩ። እትዬ አስካለ አለቀሰች፤ እሷ እኮ ባሏን ለማዳን ያደረገችው ነው፣ ያን ሳስብ ደግሞ የባሰ ተናደድኩ፣ የምናደድበት ሰው ስላጣሁ።

ጩኸቴን ያቆመው የጋሼ ጌታነህ ድምፅ ነው። በደንብ ሲናገሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ከበውኝ ተቀምጠው፣ ምን አጥፍተህ ነው ይሉኝ ነበር» አሉ፣ ወደ ላይ እያዩ። «ሰማይ ያለ ነገር አይወረውርም፣ ተናዘዝ ይሉኛል። እኔ የሠራሁት ነገር አልታወስህ አለኝ። ሁለተኛው እስኪመጣ እጠብቃለሁ።» ከዚያ ቀስ ብለው መምህሩን አዩት። «አንተ ልጅ፣ የሰማዩን ታውቃለህ መሰል። ሌላው መቼ ነው የሚመጣው?»

መምህሩን በዓይኔ ለመንኩት። አይመጣም በል፣ በቃ አይመጣም በል።

«ይመጣል» አለ።

ላንቀው ምንም አልቀረኝም።

«ሁልጊዜ ይወድቃል» ብሎ ቀጠለ፣ በዚያችው ከፍ ዝቅ በማትል ድምፁ። «አብዛኛው ትንንሽ ነው፣ አየር ላይ ተቃጥሎ ያልቃል። ከተረፈውም የሚበዛው ባሕር ላይ ነው የሚወድቀው፣ ሰው በሌለበት በረሃ ላይ ነው። አንድ ሰው አጠገብ መውደቁ እጅግ የማያጋጥም ነገር ነው። እርስዎ ዘንድ ሁለተኛ ይመጣል ብዬ ብጽፍ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል።»

«እኔን ፈልጎ አይደለም የመጣው?»

«ማን?»

«ድንጋዩ። ወይ የወረወረው።»

መምህሩ ግራ ተጋባ። «አልተወረወረም እኮ። ይኼ ብረት እርስዎም አባትዎም ሳይወለዱ፣ ይፋት የሚባል አገር ሳይኖር ጉዞ ላይ ነበር። መንገዱን ይዞ ሲዞር፣ ሲዞር፣ መሬት መንገዱ ላይ ደረሰች። እርስዎን አያውቅዎትም። ያን ጠዋት ተኝተው ቢቀሩም እዚያው ቦታ ይወድቅ ነበር።»

«አያውቀኝም?»

«በፍጹም አያውቅዎትም።»

«እግዜርስ?» አለች እትዬ አስካለ ከወዲያ።

«እሱን አላጠናሁም» አለ መምህሩ። «የማውቀው ብረቱን ነው።»

ጋሼ ጌታነህ «አያውቀኝም» አሉ ለራሳቸው። ደገሙት። ከዚያ «እስቲ ስለ ብረቱ ንገረኝ» አሉት።

አይ የሰው ነገር! ያን ጠዋት ጋሪው ላይ ያቃጠለኝን ወሬ ሀ ብሎ ጀመረው። ብረቱ ድሮ የቀለጠ እንደነበር፣ በጣም በዝግታ እንደቀዘቀዘ፣ ጥቂት ለመብረድ ብቻ ሚሊዮን ዓመት እንደሚፈጅበት። «የእናንተ ወተት ምን ሊያደርገው ነው?» አለ ጣልቃ፣ አሁንም አልወጣለትም። ስለ ኒኬሉ፣ ተቆርጦ በአሲድ ሲታጠብ ስለሚታየው ጥልፍ፣ ጥልፉ ስለሚሠራበት ማዕዘን። ጋሼ ጌታነህ ግንዱን ለቀው መሬት ላይ ጋደም አሉ። ያዳምጣሉ። ዓይናቸው ከቅርንጫፎቹ ወረደና መምህሩ ላይ አረፈ። ከዚያ ሽፋሽፍታቸው ከበደ። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ አንኮራፉ።

መምህሩ ይህን ሲያይ ቅር ብሎት ዝም አለ። ወዲያው ጋሼ ጌታነህ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ወደ ላይ ሊያዩ።

«ቀጥል!» አልኩት በሹክሹክታ።

«ጨረስኩ እኮ።»

«ከመጀመሪያው ጀምር!»

«ሲስተር፣ አውቶቡሱ ያመልጠኛል። ሰዓት እላፊ ሳይደርስብኝ...»

«ወንድሜ» አልኩት፣ አንቱታውም ያኔ ነው የቀረው። «ከዚህ ንቅንቅ ብትል እኔና አንተ አንተዋወቅም። አውራ!»

አወራ። ብረቱን ጨርሶ ወደ መዳብ ሄደ፣ መዳቡን ጨርሶ ወደ ፕላኔቶች ሄደ፣ እሱ ሲያልቅ ስለ ዩኒቨርሲቲው የመኖሪያ ቤት ችግር አወራ። ሰውዬው ማጽናናት አያውቅበትም። እኔ ሄጄ በተቀመጥኩ ቁጥር «አይዞዎት፣ ምንም የለም» እያልኩ አጽናንቻቸው አላመኑኝም። እሱ ግን ሊያጽናናቸው ስላልሞከረ አመኑት። የጋሼ ጌታነህ እጅ ተዘረጋ፤ አፋቸው ተከፈተ። እትዬ አስካለ በነጠላዋ ጫፍ ዝንቡን እሽ ትላለች። ተሰብስቦ የነበረው ጎረቤት አንድም ሰው አልሄደም፤ ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ቁጭ ብሏል። የሰደብኳቸው ሽማግሌ ለመምህሩ ጉሮሮውን የሚያርስበት ውኃ በቅል አመጡለት።

ወንድይፍራው በዚህ መሀል ደረሰ። ገና ከሩቅ «ሲስተር! ምን ወሰንሽ? መኪናው ነገ በጠዋት ነው የሚነሣው!» እያለ።

እትዬ አስካለ ተነሣች። በሊቀመንበሩ ፊት ቀና ብላ የማታውቅ ሴት ናት። ሄዳ ደረቱ ላይ እጇን አደረገችና «ዝም በል» አለችው። «ዝም በል፣ ወንድይፍራው። ጌታነህ ተኝቷል።»

ወንድይፍራው አየ፤ ገመዱ የተፈታ፣ ከጥላው እግራቸው ወጥቶ ፀሐይ ላይ የተዘረጋ፣ የሚያንኮራፉ ሰው። ከዚያ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ቀረበና ሰዉ መሀል ተቀመጠ። መምህሩ ስለ ቤት ኪራይ እያወራ ነበር።

ጋሼ ጌታነህ እስከ ማግስቱ ጠዋት አልነቁም። መኪናው በሰዓቱ አዲስ አበባ ሄደ፤ የተጫኑት ድምፁ የተዘጋ መምህርና ወተት ወተት የሚሸት ድንጋይ ብቻ ነበሩ። ጋሼ ጌታነህ አንድ ጊዜ በመተኛታቸው ብቻ ዳኑ ብዬ አልዋሻችሁም። ብዙ ቀን ሄጄ አብሬያቸው ተቀምጫለሁ፤ መጀመሪያ ከጥላው አንድ እርምጃ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ እያልን ማሳው ድረስ አብረን ወጣን። ያን የተደፈነ ጉድጓድ በገዛ በሬዎቻቸው አረሱት። የዚያን ዓመት ማሽላው እዚያ ቦታ ላይ ከሌላው ቦታ በለጠ፤ ሽማግሌው «ከወተቱ ነው» አሉ። እኔም አልተከራከርኳቸውም።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚያ ወዲህ ስንት በሽተኛ አየሁ መሰላችሁ! ከጦርነት የተመለሰ አየሁ፣ ልጇን የቀበረች አየሁ፣ ከእስር የወጣ አየሁ። ከዚያ ቀን በፊት የምጠይቀው «ምን አየህ? ምን ደረሰብሽ?» ብዬ ነበር። ያ የብረት ሰው አፈሩን እያየ «ይኼኛውን ድንጋዩ አልሠራውም» ካለኝ ጀምሮ ግን ሌላ ጥያቄ ጨመርኩ። «ከዚያ በኋላ ሰዎች ምን አደረጉህ?» እላለሁ። አብዛኛው ሰው ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የሚጀምረው። እናንተም የደነገጠ ዘመድ ካላችሁ ሁለተኛውን ጉድጓድ ፈልጉ፤ ምናልባት የቆፈራችሁት እናንተው ትሆናላችሁ፣ ያውም በፍቅር።

ከሸዋ ሮቢት ተዛውሬ ስሄድ ጋሼ ጌታነህ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኙኝ። ገላጣው ሜዳ መሀል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባርኔጣ እንኳ ሳያደርጉ ቆመው «ያን ልጅ ካገኘሽው ሰላም በይልኝ» አሉኝ።

«ሌላስ ምን ልበልልዎት?»

ትንሽ አሰቡና «መጨረሻውን ሳልሰማ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ» አሉ። «ቤት አገኘ ወይ?»